የቄራ ፍሳሽ ወደ ኤሌክትሪክ፦ ባክቴሪያና አልጌ ለቁም እንስሳት ነጋዴው ምን ያተርፉለታል?

ከቦረና፣ ከሶማሌ ወይም ከአፋር ተነስቶ ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ወዳሉት የወጪ ንግድ ቄራዎች የሚጓዝ አንድ የጭነት መኪና ፍየል የሚያስገኘው ትርፍ የሚወሰነው በግዢ ዋጋውና በመንገዱ ብቻ አይደለም። መኪናው ሲደርስ የቄራው በር ክፍት መሆን አለበት። ቄራ ሥራ የሚያቆመው በመብራት መቋረጥ፣ በማቀዝቀዣ ብልሽት ወይም በገበያ መጥፋት እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አራተኛ ምክንያት ግን ፍሳሽ ነው። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ በኬንያ ደግሞ የውኃ ጥራት ደንቡ፣ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅን ድርጅት እስከማገድ ድረስ ለመንግሥት ሥልጣን ይሰጣሉ። ቄራ ለሦስት ቀን ቢዘጋ ወጪው መጀመሪያ የሚያርፈው በረት ውስጥ ፍየል ይዞ በሚጠብቀው ነጋዴ ላይ ነው።

ስለዚህ ፍሳሽን የማከም ጉዳይ የቄራው ባለቤት ጣጣ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ፍሳሹን ማጽዳት ብቻ ሳይሆን ከእሱ ኤሌክትሪክ ማውጣት እንደሚቻል እየተነገረ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ደቂቅ ፍጥረታት፣ ባክቴሪያና ደቂቅ አልጌ (ዋቅላሚ) ናቸው። ይህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚገኝበት፣ የቱ ላይ ተስፋ የቱ ላይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ፍሳሹ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የቄራ ፍሳሽ ደም፣ ስብ፣ ፈርስ፣ ሽንት፣ ፀጉርና የማጠቢያ ውኃ የተቀላቀለበት ነው። ይህ ሁሉ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ፍሳሹ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ምግቡን ለመጨረስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀሙበታል፤ ዓሣው ይታፈናል፣ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። መሐንዲሶች የፍሳሽን ክብደት የሚለኩት፣ ቆሻሻውን ለማቃጠል ስንት ኪሎ ኦክስጅን ያስፈልጋል ብለው ነው። በሙያው ቋንቋ «ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት» ይባላል። ለነጋዴ «የኦክስጅን ዕዳ» ብንለው ይቀላል፤ አንድ ሰው ሊከፍለው የግድ ነውና። ቄራው ካልከፈለ ወንዙ ይከፍላል።

ከዕዳው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደም ነው። የአንድ ሊትር ደም የኦክስጅን ዕዳ ወደ 375 ግራም ይጠጋል። የአንድ ሊትር የከተማ ፍሳሽ ዕዳ ግን ከአንድ ግራም እምብዛም አያልፍም። በቀን 1,000 ፍየል የሚያርድ ቄራ ከእያንዳንዱ ፍየል አንድ ሊትር ደም ቢያገኝ በጠቅላላው አንድ ሜትር ኪዩብ ደም ይሆናል፤ ዕዳውም 375 ኪሎ ኦክስጅን ነው። ያው ቄራ ለአንድ ፍየል 100 ሊትር ውኃ ቢጠቀምና ደሙ ለብቻው ቢሰበሰብ፣ የሚወጣው 100 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ በሜትር ኪዩብ 4 ኪሎ ቢይዝ ጠቅላላ ዕዳው 400 ኪሎ ነው። አንዲት ሜትር ኪዩብ ደም ከመቶ ሜትር ኪዩብ የእጥበት ውኃ ጋር ልትስተካከል ምንም አልቀራትም ማለት ነው። ደሙን ወደ ቦይ የሚለቅ ቄራ የማከሚያ ወጪውን በገዛ እጁ እጥፍ ያደርጋል።

ሁለቱ ሠራተኞች

ባክቴሪያና አልጌ የሚሠሩት ተደጋግፈው ነው። ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያና ፎስፌት ይተዋል። አልጌ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ አሞኒያውንና ፎስፌቱን ወስዶ ያድጋል፤ በምትኩ ኦክስጅን ይሰጣል። የአንዱ ትራፊ የሌላው ቀለብ ነው። በዚህ መንገድ ፍሳሹ ያለ ማሽን አየር ያገኛል። በተለመደው የማጣሪያ ጣቢያ ለኤሌክትሪክ ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን የሚውጠው አየር ወደ ውኃ የሚነፋው ማሽን ስለሆነ፣ ይህን ማስቀረት ትልቅ ቁጠባ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዊልያም ኦስዋልድ የተባሉ ሳይንቲስት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ኩሬ አዳብረዋል። ኩሬው እንደ ሩጫ መም ክብ ሠርቶ የሚዞር፣ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ነው፤ መቅዘፊያ ያለው ተሽከርካሪ ጎማ ውኃውን በዝግታ ያንቀሳቅሰዋል። ጥልቀቱ የተወሰነው በምክንያት ነው፦ ከዚያ ከጠለቀ ፀሐይ ታች ላለው አልጌ አትደርስም። በስፔን ደቡብ በቺክላና ደ ላ ፍሮንቴራ ከተማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት በከተማ ፍሳሽ አልጌ አብቅለው፣ አልጌውን ወደ ባዮጋዝ ቀይረው መኪና ነድተውበታል።

ለአካባቢያችንም አልጌ እንግዳ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከሚራባው ስፒሩሊና ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካኔም ሕዝብ ይህንኑ ዘር ሰብስቦና አድርቆ ለምግብነት ሲጠቀምበት ኖሯል። በኬንያ የናኩሩና የቦጎሪያ ሐይቆች ፍላሚንጎዎች የሚሰበሰቡትም ለእሱው ነው። ፀሐይና ሙቀት በሞላበት ቀጠና አልጌ ማብቀል አያስቸግርም። ችግሩ የምንፈልገውን ዓይነት፣ በምንፈልገው ቦታ ማብቀሉ ላይ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል?

ወደ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። ስማቸው በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ በዋጋም በውጤትም ግን እጅግ ይለያያሉ።

የመጀመሪያው የባዮጋዝ መንገድ ነው። ፍሳሹ አየር በማይገባበት፣ ከላይ በጠንካራ ፕላስቲክ በተሸፈነ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይከማቻል። ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ፈጭተው ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ በጄኔሬተር ይነድና ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ወይም በቦይለር ነድዶ የቄራውን ሙቅ ውኃ ያፈላል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ ገና ንጹሕ ስላልሆነ ወደ አልጌው ኩሬ ገብቶ ይጠናቀቃል። ከኩሬው የሚለቀመው አልጌ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ሊገባና ጋዝ ሊጨምር ይችላል።

ሁለተኛው የባክቴሪያ ባትሪ ሊባል የሚችለው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ጂኦባክተርና ሼዋኔላ የተባሉት፣ ምግባቸውን ሲፈጩ የሚያወጡትን ኤሌክትሮን በቀጥታ ለብረት ወይም ለካርቦን ሰሌዳ ያስረክባሉ። ሰሌዳው በሽቦ ከሌላ ሰሌዳ ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። በሌላኛው ሰሌዳ በኩል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ አልጌ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ ቀን ቀን ኦክስጅን ያቀብላልና። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ አቅርቦቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። ባክቴሪያ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ያሳየው እንግሊዛዊው ማይክል ፖተር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1911 ነበር። በእኛ ቀጠና በኡጋንዳ ኪሶሮ በሚገኝ የሴት ተማሪዎች ትምህርት ቤት፣ በብሪስቶል የሚገኘው የዌስት ኦፍ ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽንት የሚሠራ እንዲህ ያለ ባትሪ ተክለው የመጸዳጃ ቤቱን መብራት አብርተውበታል።

መብራት ማብራትና ማቀዝቀዣ ማንቀሳቀስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባክቴሪያ ባትሪ አንዱ ክፍል የሚሰጠው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት በታች ነው። በቤተ ሙከራ አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ አንድ ዋት ገደማ ቢሰጥ እንደ ጥሩ ውጤት ይቆጠራል፤ መሣሪያው ሲተልቅ ደግሞ ውጤቱ ይወርዳል። የቤተ ሙከራው ውጤት ሳይጓደል ቢገኝ እንኳ 10 ኪሎ ዋት ለማግኘት 10,000 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ቄራዬን በባክቴሪያ ባትሪ አንቀሳቅሳለሁ» የሚል ሻጭ ከመጣ ነጋዴውም ባለቤቱም ኪሳቸውን ይጠብቁ። ዛሬ ለቄራ የሚሆነው መንገድ የመጀመሪያው፣ ማለትም ባዮጋዝና የአልጌ ኩሬ ተጣምረው ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ከላይ የጠቀስነውን በቀን 1,000 ፍየል የሚያርድ ቄራ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቄራ የራሱን መለካት አለበት።

ደሙ ተለይቶ የወጣለት ፍሳሽ 400 ኪሎ የኦክስጅን ዕዳ አለው። የተሸፈነው ጉድጓድ ከዚህ 70 በመቶውን፣ ማለትም 280 ኪሎውን ቢያቃልል፣ እያንዳንዱ ኪሎ 0.35 ሜትር ኪዩብ ሚቴን ስለሚሰጥ 98 ሜትር ኪዩብ ይገኛል። አንድ አምስተኛው ከውኃው ጋር ሟሙቶ ወይም ሾልኮ ቢጠፋ 78 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይቀራል። አንድ ሜትር ኪዩብ ሚቴን ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ጄኔሬተር ከዚህ 30 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ውጤቱ በቀን 230 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሌት ተቀን በአማካይ 10 ኪሎ ዋት ማለት ነው።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? አንድ ፍየል 9 ኪሎ ሥጋ ቢሰጥ ቄራው በቀን 9 ቶን ሥጋ ከእንስሳው የሰውነት ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ ማውረድ አለበት። ለዚህ ከሥጋው መወሰድ ያለበት ሙቀት 290 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ደህና ማቀዝቀዣ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከሁለት ተኩል ያላነሰ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ለሥጋው ብቻ 115 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበቃል። በበሩ፣ በግድግዳውና በማራገቢያው የሚባክነው ሲጨመር ፍጆታው በጣም ሊያድግ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ከፍሳሹ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የማቀዝቀዣውን ሸክም ትርጉም ባለው መጠን ይጋራል።

የአልጌው ኩሬ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ከጉድጓዱ የተረፈውን 120 ኪሎ ዕዳ ለመክፈል ግማሽ ሄክታር ገደማ ኩሬ ያስፈልጋል። አልጌው በካሬ ሜትር በቀን 15 ግራም ቢያድግ 75 ኪሎ ደረቅ አልጌ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሲያድግ አንድ ተኩል ኪሎ ኦክስጅን ይለቃል። ይህ በቀን 112 ኪሎ ኦክስጅን ነው። ያንኑ ኦክስጅን በአየር መንፊያ ማሽን ለማስገባት ቢሞከር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። አልጌው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባይሰጥም፣ መከፈል የነበረበትን የመብራት ሒሳብ ያስቀራል።

አዋጭነቱን የሚወስነው ግን ይህ ኤሌክትሪክ የሚተካው ምንን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት መስመር ኤሌክትሪክ ርካሽ ስለሆነ፣ መብራት ባለበት ሰዓት የራስን ኤሌክትሪክ ማመንጨት ብዙ አያተርፍም። መብራት ሲጠፋ ግን የሚተካው ናፍጣ ነው። በናፍጣ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ገደማ ስለሚነድ፣ 230 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት በቀን ወደ 70 ሊትር ናፍጣ ነው። ጋዙ በሽፋኑ ሥር ተጠራቅሞ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ብቻ ቢነድ ጥቅሙ እጅግ ይጨምራል። መስመር በሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በናፍጣ በሚሠራ የድንበር ከተማ ቄራ ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም የተሻለ ነው።

ለነጋዴው ኪስ ምን ማለት ነው?

የማከሚያው ወጪ ውሎ አድሮ በፍየሉ ዋጋ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ቄራው ከግዢ ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። ስንት? ለምሳሌ የማከሚያው ዓመታዊ ወጪ፣ የግንባታው የዓመት ድርሻ፣ ደመወዝና ጥገና ተደምሮ 6 ሚሊዮን ብር ቢሆንና ቄራው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ ወጪው ለ300,000 ፍየል ይካፈላል፤ በአንድ ፍየል 20 ብር ማለት ነው።

በሌላ በኩል ቄራው በፍሳሽ ምክንያት ቢዘጋ ምን ይሆናል? በረት ውስጥ ያለ መኖና ያለ በቂ ውኃ የዋለ እንስሳ በመጀመሪያው ቀን ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ቢያጣ አይገርምም። 20 ኪሎ ከሚመዝን ፍየል ላይ አንድ ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ለ1,000 ፍየል አንድ ቶን። የአንድ ኪሎ ቁም ክብደት ዋጋ ከ20 ብር ምን ያህል እንደሚበልጥ ለነጋዴ አይነገረውም። በዚህ ላይ የመኖ፣ የጠባቂ፣ የመኪና ቆይታና የሞት ኪሳራ አለ። ባለቤቱ የተጠባባቂ ወጪ ስለማይከፍል ኪሳራው ከውል ውጭ ሆኖ በነጋዴው ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ፣ ከፍሳሽ የሚገኘው ዋናው ትርፍ ኤሌክትሪኩ አለመሆኑ ነው። ዋናው ትርፍ በሩ አለመዘጋቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወጪውን የሚያቀል ምርቃት ነው። በኤሌክትሪክ ሽያጭ ብቻ ዋጋውን ይመልሳል ተብሎ የሚቀርብ ዕቅድ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል።

በቀጠናው የተሞከረም አለ። በኬንያ ካጂያዶ፣ ኪሴሪያን የሚገኘውና የማሳይ ማኅበረሰብ ንብረት የሆነው ኪኮንዮኪ ቄራ ከደምና ከፈርስ ባዮጋዝ በማምረት ይታወቃል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ከብት አርቢዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ኪሳራውም ትርፉም የራሳቸው ስለሆነ ቆሻሻን እንደ ዕቃ ለማየት አልዘገዩም።

የማቆያ ጣቢያዎች ጉዳይ

በጅቡቲ ዳመርጆግና በበርበራ ያሉት የኳራንቲን ጣቢያዎች ሁኔታ ከቄራ ይለያል። እዚያ የሚወጣው በብዛት እበት፣ በጠጥና ሽንት እንጂ ደም አይደለም። ሙቀቱ ለባዮጋዝ ባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ ፀሐዩም ለአልጌ ይበቃል። የሚያንሰው ውኃ ነው። በደጋማው ሞጆ አካባቢ እንኳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ግማሽ ሄክታር ኩሬ 25 ሜትር ኪዩብ ያጣል፤ በቀን ከሚገባው 100 ሜትር ኪዩብ ሩቡ ማለት ነው። በባሕሩ ዳርቻ ትነቱ ይበልጣል፣ የሚቀረውም ውኃ እየጨወየ ይሄዳል። ስለዚህ ለእነዚህ ጣቢያዎች እበቱን በደረቁ ሰብስቦ ወደ ባዮጋዝ ወይም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ማስገባት፣ የአልጌ ኩሬውንም ለማጠቢያ ውኃ ብቻ ማዋል ይሻላል። ጨው የሚወዱ የአልጌ ዘሮች መኖራቸው ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ጣቢያ ይሠራል፤ የመዥገር ማጥመቂያ ገንዳ ውኃ በምንም ዓይነት ወደ ማከሚያው መግባት የለበትም። ዲያዚኖን፣ አሚትራዝ ወይም ሳይፐርሜትሪን የያዘ ውኃ ነፍሳትንና ሌሎች ጠቃሚ ሕያዋንን ይገድላል፣ የጽዳቱንም ሥራ ያውካል፤ የማጥመቂያው ዝቃጭ ለብቻው መወገድ አለበት። ብዙ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የወሰደ መንጋ እበትም የጋዙን ምርት ሊቀንስ ይችላል።

የማይዘነጉ አደጋዎች

*ትንኝ።* የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የሚያስተላልፉት ትንኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት የአፍሪካ ቀንድ እንስሳት ላይ የተጣለው እገዳ ለዓመታት ቆይቶ ስንቱን ነጋዴ ከገበያ እንዳስወጣ አንጋፋዎቹ ያስታውሳሉ። ዳርቻው ሣር የበቀለበት፣ የተኛ ኩሬ የትንኝ መራቢያ ነው። በመቅዘፊያ የሚንቀሳቀስ፣ ዳርቻው የተለሰነ ኩሬ አደጋውን ይቀንሳል። መቅዘፊያው ተበላሽቶ የቆመ ኩሬ ግን በኳራንቲን ጣቢያ አጠገብ ጨርሶ መኖር የለበትም።

*መርዛማ አልጌ።* አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ደህና አይደለም። ክሎሬላና ሴኔደስመስ የተባሉት ጠቃሚ ናቸው፤ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ግን ጉበት የሚያበላሽ መርዝ ያመነጫል። የቆቃ ሐይቅ በዚሁ ዓይነት ሲሸፈን በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 በቦትስዋና ከ300 በላይ ዝሆኖች የሞቱት ከእንዲህ ያለ ውኃ በመጠጣታቸው መሆኑን የአገሪቱ መንግሥት አስታውቋል። እንስሳ ከማከሚያ ኩሬ እንዳይጠጣ አጥር የግድ ነው።

*በሽታ አምጪዎች።* በአልጌ ኩሬ ውስጥ የፀሐይ ብርሃኑና ቀን ቀን የሚጨምረው የውኃው አልካላይነት ብዙ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። የኮሶ ትል እንቁላል ግን በቂ ጊዜ ወስዶ ወደ ታች እንዲዘቅጥ ካልተደረገ ከውኃው ጋር ወደ ግጦሽ ይሄዳል፤ ከዚያ በከብቱ ሥጋ ውስጥ እጭ ሆኖ ተመልሶ ሥጋው እንዲወገድ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመስኖ የሚውል የታከመ ፍሳሽ በአንድ ሊትር ከአንድ በላይ የትል እንቁላል እንዳይኖረው ይመክራል። የአባ ሰንጋ ዘር ደግሞ በኩሬ አይሞትም። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ እንስሳ መጀመሪያውኑ መታረድም መከፈትም የለበትም።

*ጋዝ።* ባዮጋዝ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የጄኔሬተር ሞተር ያዝጋል፤ በብረት ቁርጥራጭ ወይም በሌላ ማጣሪያ አስቀድሞ መወገድ አለበት። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሰውንም ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ዝቃጭ ለመጥረግ ማንም ሰው ያለ አየር ማስተላለፊያና ያለ ጠባቂ ወደ ውስጥ አይግባ።

*መኖ።* አልጌ ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርስ ፕሮቲን ስላለው «ለማድለቢያ መኖ ይሁን» የሚል ሐሳብ ይነሳል። በንጹሕ ውኃ የበቀለ ስፒሩሊና ሌላ ነገር ነው። በቄራ ፍሳሽ የበቀለ አልጌ ግን ለእንስሳ መሰጠት የለበትም፤ በሽታን ከታረደው ወደ ቋሚው መመለስ ይሆናል። አንድ ገዢ አገር ይህን ቢሰማ የሚያስከትለው ጉዳት ከመኖው ቁጠባ ጋር አይነጻጸርም። ወደ ባዮጋዙ ይመለስ ወይም በአግባቡ ተብላልቶ ማዳበሪያ ይሁን።

ነጋዴው ቄራ ሲገባ ምን ይመልከት?

የአቅርቦት ውል ከመፈረሙ በፊት ግቢውን ዞሮ ማየት ግማሽ ሰዓት አይወስድም። ለማየት ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

1. ደሙ ለብቻው ይሰበሰባል ወይስ ከእጥበቱ ውኃ ጋር ይሄዳል? ከሄደ ማከሚያው ሁለት እጥፍ ተጭኖበታል። ከደም የሚወጣው አሞኒያ ሲበዛም የጋዝ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ።

2. ፈርስ በወንፊት ይያዛል? ካልተያዘ ጉድጓዱ በጥቂት ወራት ይሞላል።

3. ጋዙ ይነዳል? ሽፋኑ ተነፍቶ ጋዝ ሳይነድ በቀዳዳ የሚወጣ ከሆነ ገንዘብ አየር ላይ እየተበተነ ነው። ሚቴን አየር ንብረቱንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ይጎዳል።

4. ኩሬው ምን ዓይነት ቀለም አለው? አረንጓዴ ከሆነና የማይሸት ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ካደላ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ጥቁርና የሚሸት ከሆነ አልጌው ሞቷል፤ ተቆጣጣሪ ሳይመጣ በፊት የጎረቤት አቤቱታ ይመጣል።

5. መቅዘፊያው ይዞራል? ቆሞ ከሰነበተ ትንኝ አለ።

6. የውኃ ምርመራ ውጤት በመዝገብ ተይዟል? የመጨረሻው መቼ ነው? በኬንያ ወደ ተፈጥሮ ውኃ የሚለቀቅ ፍሳሽ ሕያዋዊ የኦክስጅን ፍላጎቱ በሊትር ከ30 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ደንቡ ያዝዛል። ባለቤቱ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ ጉዳዩን ይዞታል ማለት ነው።

7. ቄራው በፍሳሽ ምክንያት ቢዘጋ የተጠባባቂ እንስሳት ወጪ በማን ላይ ይሆናል? ይህ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። እስካሁን በቃል ስለሚታለፍ ነው ሁልጊዜ ነጋዴው የሚከፍለው።

የነጋዴ ማኅበራት ሰባተኛውን ጥያቄ አንድ ሆነው ቢያነሡት ውጤቱ ከውል አልፎ ይሄዳል። የመዝጋት ወጪ በከፊል ወደ ባለቤቱ ሲዞር፣ ጉድጓዱን መሸፈንና ኩሬውን መጠበቅ ለባለቤቱ ራሱ የሚያዋጣ ሥራ ይሆናል። ያኔ ባክቴሪያውና አልጌው ደመወዝ ሳይጠይቁ ሌት ተቀን ይሠሩለታል፤ ነጋዴውም መኪናውን የሚጭነው በሩ እንደሚከፈትለት አውቆ ነው።